ወደ ደቡብ የሄደው ሰው

አልታየሽን ለንደን፣ ኬኒንግተን አካባቢ ያለ አበሻ ሁሉ የሚያውቃት በምትነዳው ቀይ አውቶቡስ ነው። ተሳፋሪ እየሮጠ ከመጣ ትጠብቃለች። አለቆቿ ሰዓት ታዛቢያለሽ ብለው ቢቆጧት፣ "ሰው እያየሁ ጥዬ ልሂድ?" ትላለች።

ታናሽ ወንድሟ ዳኛቸው ደሴ ላይ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ከሞምባሳ በጀልባ ተነሣ፤ ጀልባዋ ታንዛኒያ ዳርቻ ላይ ተሰበረች። ከተረፉት አንዱ ለአልታየሽ ደወለላት።

"ዳኛቸው በእግሩ ነው ከባሕር የወጣው፤ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። እኛን ፖሊስ ሲይዘን እሱ ዳርዳሩን ይዞ ወደ ደቡብ ሄደ።"

ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ ወሬው ጠፋ። እናታቸው ወይዘሮ ሐረገወይን ግን ሬሳ ሳላይ አላለቅስም ብለው ድንኳን ሳያስጥሉ ቀሩ።

አምና ልጇ ቃልኪዳን ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስ፣ አልታየሽ ያጠራቀመችውን የዓመት ዕረፍት በአንድ ጊዜ ወሰደች።

"ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ኤምባሲው፣ ቀይ መስቀል፣ ሁሉንም ትራይ አድርገሽ የለም እንዴ?"

"መንገዱን ግን አልሞከርኩትም" አለቻት።

ዳሬሰላም ላይ ሳሚር የሚባል ሾፌር ከአሮጌ ላንድክሩዘሩ ጋር ተከራየች። ሳሚር የዚያው ዳርቻ ተወላጅ፣ ሲነዳ የሚያንጎራጉር ሰው ነው። ባላት ስባሪ ስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ይግባባሉ። አስፋልቱን ትተው ወደ ባሕሩ ሲታጠፉ መንገድ የሚባል ነገር አለቀ። የቀረው በአሸዋ ላይ የሁለት ጎማ ፋና ብቻ ነው፤ እሱም አንዳንዴ ኮኮናት ዛፍ ሥር ይጠፋል፣ አንዳንዴ ጭቃ ውስጥ ይሰጥማል። ሳሚር የጎማውን ንፋስ ቀነሰ። ሲደክመው እሷ መሪውን ትቀበለዋለች። ባሕሩ ሲሸሽ እርጥቡ አሸዋ ላይ ይነዳሉ፤ ሲመለስ ከፍታው ላይ ወጥተው ይጠብቃሉ።

በመጀመሪያው መንደር አንድ ሽማግሌ የዳኛቸውን ፎቶ አይተው ወዲያው ሣቁ። "የሬዲዮው ሰው! እዚህ ከርሞ የሁላችንንም ሬዲዮ ሠራ። ወደ ደቡብ ሄደ፤ ብዙ ጊዜ ሆነው።" አልታየሽ መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ደስታ ነበር።

ቀጥሎ ያለው መንደር ላይ አንዲት ሴት፣ "ሦስተኛ ልጄን ስወልድ እዚህ ነበር" አለች። ልጇ ገና ድክ ድክ ይላል። ከዚያ ወዲያ መረብ የሚጠግኑ ዓሣ አጥማጆች፣ "ባለፈው ዝናብ ከእኛ ጋር በላ" አሏቸው። እየደረሱበት ነው። አልታየሽ እንቅልፏ ጠፋ፤ ምግብ አልወርድ አላት፤ ሳሚር እንረፍ ባለ ቁጥር "ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ" ትለዋለች።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ባሕሩ በሸሸበት ሜዳ ቀንድ አውጣ የሚለቅሙ ሴቶች አገኙ። አንዷ ፎቶውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ትናንት በዚህ አለፈ" አለች።

"ምን ይመስላል? ሸብቷል?" አለች አልታየሽ።

ሴትዮዋ ጥያቄው ግራ ገባት። ፎቶውን በጣቷ ነካ አደረገችው። "ይኸው ነው እኮ። ይኸው ልጅ፣ ይቺው ሸሚዝ።"

ፎቶውን ዳኛቸው የተነሣው ከአገር ሊወጣ ሰሞን ነው፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሳሚር ሴትዮዋን ደግሞ ጠየቃት፤ ያንኑ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ ማንጎራጎሩን ተወ።

ፋናው ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ደርሶ አለቀ። ከፊታቸው ማንግሮቭ የሚሉት የጨው ውኃ ዛፍ ነው፤ ሥሩ ከጭቃው በላይ እንደ ጣት ቆሟል። ቀትር ነበር፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም። አልታየሽ ወርዳ ጥቂት ተራመደች። ያኔ ከዛፎቹ ውስጥ፣ ሩቅ ሳይሆን፣ "አልትዬ!" የሚል ድምፅ ሰማች። በዚህ ስም የሚጠራት ከሰው ሁሉ እሱ ብቻ ነበር።

"አቤት" ልትል አፏን ስትከፍት ሳሚር ክንዷን ያዛት። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሰምተኸዋል?"

"ሰምቻለሁ። ማማ፣ አትመልሺለት። አያቴ የማይታይ ሰው ሲጠራሽ አትመልሺ ትል ነበር።"

እናቷም ልጅ ሳለች ይህንኑ ይሏት ነበር። ቆመች። ድምፁ ደግሞ ጠራት፤ አሁን ትንሽ ራቅ ብሎ። ውኃው እየተመለሰ ነበርና ቁርጭምጭሚቷን ሲያረጥባት ሳሚር እየጎተተ ወደ መኪናው ወሰዳት። ሦስተኛው ጥሪ ሞተሩ ሲነሣ ነው የተሰማት፤ ወይም የተሰማት መሰላት። አልመለሰችም።

ለንደን ከገባች በኋላ ለእናቷ ደውላ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ሐረገወይን አንዲት ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ሳያረጅ አየነው አሉ?"

"አዎ እማዬ።"

"እንግዲያው ሞቷል። የማያረጅ የሞተ ብቻ ነው።" በዚያው ሳምንት ደሴ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ለንደንም ፍትሐት ተደረገለት። ሰው መጥቶ እግዚአብሔር ያጥናሽ አላት። እሷ ግን እንባ አልመጣላትም። ሥራ ላይ ተሳፋሪ ደወል ሲጫን ሳታስበው "አቤት" ማለት ጀመረች። ፊት ወንበር የተቀመጡት ፈገግ ይላሉ። ያቺ ያልመለሰቻት አንዲት ቃል ናት ጉሮሮዋ ላይ የቀረችው፤ ሞቶም ከሆነ ወንድሟ ነው፣ ምን ያደርገኛል ብዬ ፈራሁት ትላለች ለራሷ።

ባለፈው ወር ሳሚር ደወለ። ሌሎች እንግዶች ይዞ በዚያው መንገድ አልፎ ነበር።

"ልነግርሽ አልፈለግኩም ነበር፣ ማማ። ቀንድ አውጣ ለቃሚዎቹ ሴቶች አስቁመውኝ፣ ያ ሰው መጥቶ ነበር አሉኝ። 'መጥታ የነበረችው ሴትዮ ለምን ተመለሰች?' ብሎ ጠየቀን አሉ።"

አልታየሽ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ቃልኪዳን ከክፍሏ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ስልኩን ከእጇ ወሰደችና ጠፍቶ እንደሆነ አየች። አልታየሽ ሳሚር ያላትን ነገረቻት።

"ዝናቡ መቼ ነው የሚያቆመው እዚያ?" አለች ቃልኪዳን።

"ሰኔ ላይ።"

"ኦኬ። እኔም ከሥራ ሊቭ አፕላይ አደርጋለሁ።"