እሷማ የኛው ናት

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ደባርቅ ላይ ማምሻውን ብርዱ ከተራራው ሲወርድ፣ የአባቴ አክስት እማሆይ አመተ ማርያም ከምድጃው ዳር ተቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ፊታቸውን የምናየው በፍሙ ብርሃን ነው፤ የባሕር ዛፉ ጢስ ዓይናችንን እያቃጠለን እንኳ ንቅንቅ አንልም።

የማልረሳው የሁለቱን ወንድማማቾች ተረት ነው። በእርሻ ተጣልተው መሐሉን በእሾህ አጠሩት። አንዱ ሌላውን በጠረጠረ ቁጥር አጥሩን በየበኩላቸው ሲያሰፉ፣ ሲያሰፉ፣ እርሻው አለቀ። እማሆይም «በመከር ያጨዱት እሾህ ብቻ ሆነ» ብለው ይጨርሳሉ።

ከዛሪማ ድረስ ተሳፍረው ምክር ፍለጋ የሚመጡባቸው ሰዎች ነበሩ። ተኳርፈው ገብተው ተቃቅፈው የወጡ አይቻለሁ። እኛ ቤት ግን እማሆይ አመድ የሚጠርጉ፣ ሲያስሉ የሚያድሩ አሮጊት ናቸው። እንግዳው «እሳቸው» ሲል አባቴ «እሷ» ይል ነበር።

አባቴና አጎቴ ዳባት ባለው የአያቴ መሬት ሲካሰሱ፣ እማሆይ ሁለቱንም አስቀምጠው ያንኑ ተረት ጀመሩላቸው። አባቴ አላስጨረሳቸውም።

«ተዪ እስቲ፣ ይሄን ለልጆቹ አውሪላቸው!»

አጎቴ ከት ብሎ ሳቀ። በዚያ ዓመት ሁለቱ የተስማሙት በዚያች ሳቅ ብቻ ነው።

ከዚያ አባቴ ቆላ ውስጥ የበቁ ባሕታዊ አሉ ሲባል ሰምቶ፣ እኔን አስከትሎ ወረደ። ባሕታዊው ጉዳዩን ሰሙና «ከየት ናችሁ?» አሉ።

«ከደባርቅ፣ አባታችን።»

«እማሆይ አመተ ማርያም የሉም እንዴ?» ብለው ደነገጡ። «እኔ ራሴ ሲጨንቀኝ የምልከው እሳቸው ዘንድ ነው።»

አባቴ አሁን ቤት ገብቶ የእማሆይ እግር ላይ ይወድቃል ብዬ ልቤ ዘለለ። እሱ ግን ገና መንገድ ላይ ሳለን እጁን አወናጨፈና «እሷማ የኛው ናት» አለ።

እማሆይ ካረፉ ቆዩ። ክሱ አላለቀም፤ መሬቱም ጦሙን ያድራል። በተዝካራቸው ቀን ወንድማማቾቹ ሁለት ድንኳን ተክለው፣ በየድንኳናቸው «ቅድስት እናታችን» እያሉ አለቀሱ። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እያሉ የሚያጽናኑኝ አሉ። አያጽናናኝም። አባቴ ወርቅ መሆናቸው ተነግሮታል። የሩቁን አባት ምክር ተሳልመው ትተውት ይመለሳሉ፤ የቤት ሰው ግን በማግስቱ «አደረግኸው ወይ?» ብሎ ዓይን ዓይንን ያያል። አባቴና አጎቴ የጠሉት ይህንን ነው። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።