አስታራቂው ይገዙ

የእህቴ ባል መምህር ይገዙ ሳይንስንና እምነትን ለማስታረቅ የተፈጠረ ሰው ነበር። ሁለቱ መጣላታቸውን ከማን እንደሰማ አላውቅም። እኔ የደም ግፊት ኪኒኔን በጸበል እየዋጥኩ ዘመን አስቆጥሬያለሁ፤ ሆዴ ውስጥ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ አላውቅም። ይገዙ ግን ሳይጠሩት ሽማግሌ ካልሆንኩ ብሎ ገባ።

እሱና ታናሽ እህቴ ጥሩዬ አዲስ አበባ የነበሩበት ሰፈር ሲፈርስ ሱሉልታ መጥተው ቤት ሠሩ። እኔም ባሌ ሲሞት ከጓሯቸው ያለችው ክፍል ገባሁ። ይገዙ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ከተማ ወርዶ አንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ከረባቱን እንዳሰረ ነጠላውን በላዩ ደርቦ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይናገራል። ጾም የሴል ጥገና ነው። ስግደት ለአከርካሪ ነው። የደወል ድምፅ ባክቴሪያ ይገድላል። እሱ ሲናገር ለሰማው ሰው፣ እግዚአብሔር ከላቦራቶሪ ፈቃድ ሳያገኝ አንዲት ነገር አዝዞ አያውቅም። ክፍል ውስጥ ግን ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲያስተምር፣ "ይሄ ለፈተና ብቻ ነው" ይላል። ምስኪን ሳይንስ፣ እሁድ በምስክርነት ትጠራለች፣ ሰኞ ከበር ትመለሳለች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላል። ሰው የሚያምነውን ነገር የተማረ ሰው ሲደግፍለት ደስ ይለዋል። የደብሩ አስተዳዳሪ አባ መልከጼዴቅ ብቻ ጥግ ይዘው ያንጎላጃሉ። አንድ ቀን፣ "አባቴ፣ ትምህርቱን እንዴት ያዩታል?" አልኳቸው።

"እኔ ስጾም ስለ ሴሌ አስቤ አላውቅም" አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ሄዱ።

ይገዙን ዝነኛ ያደረገው ግን ከተራራው ሥር ስላለው ጸበል ያደረገው ንግግር ነው። እዚያ ሰው እስኪበቃው ይጠጣል፤ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያጣድፈዋል፤ አጠገቡ ያሉትም "እሰይ፣ ወጣለት!" ይላሉ። ድሮም እንዲሁ ነበር። ይገዙ ለዚህ ስም አወጣለት፤ "ዲቶክሲፊኬሽን" አለው። በሳምንቱ የጎረቤታችን የገበሬው የኦቦ ገርባ ሚስት ደጊቱ እንኳ፣ ደብዳቤ አንብባ የማታውቀው ሴት፣ "ዛሬ ዲቶክስ አደረግኩ" ማለት ጀመረች። ታስቀን ነበር።

የ2008 ክረምት አተት ገባ። አዲስ አበባ በበሽታው ሲታመስ የኛ ከተማ የራሷ ጣጣ ነበረባት። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት ቢያልፉም የሰዉ ቁጣ አልበረደም። የኦቦ ገርባ እርሻ በካርታው ላይ ቀለም ተቀብቷል ተብሎ ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረውም። መንገዱ ዛሬ በድንጋይ ይዘጋል፣ ነገ ይከፈታል፤ ወታደር ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ኢንተርኔት ይጠፋል። በዚህ ሁሉ መሀል ፍልሰታ ገባና ጸበሉ በሱባዔተኛ ተጨናነቀ።

የጤና ጣቢያው ባለሙያ ሶያማ ክሎሪኑን ይዞ የመጣው ያኔ ነው። ሰውን ከቅዳሴ በኋላ አስቁሞ፣ "ጸበሉን አንዘጋም። ማጠራቀሚያው ላይ መድኃኒት እንጨምርበት፤ ሁላችሁም በአንድ ጣሳ አትጠጡ" አለ።

"ጨምሩ" አሉ አባ መልከጼዴቅ። "ውሃው ቢጸዳ እግዚአብሔር የሚቀየም ይመስላችኋል?"

ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር። ግን ከኋላ አንዱ፣ "ሰው እንዳይሰበሰብ የፈለጉት ሰበብ ነው!" አለ። በዚያ ዓመት ከመንግሥት ቢሮ የመጣን ሰው ማን ያምናል? ሕዝቡ አጉረመረመና ወደ ይገዙ ዞረ። ይገዙም ይህችን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነጠላውን አስተካክሎ ወጣ።

"ወገኖቼ፣ ክሎሪን የጸበሉን ማዕድን ያበላሸዋል። በሕያው ውሃ ውስጥ ጀርም አይኖርም፤ ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው።"

የማን ጥናት? የጠየቀ የለም። ከዚያ ጣሳውን ቀድቶ ጭልጥ አድርጎ ጠጣና አፉን ጠረገ። "ይኸው ሙከራው!" አለ። ሳይንስ በአንድ ሰው ሆድ ተጀምሮ እዚያው ተፈጸመ።

ደጊቱ ከሴቶቹ መሀል፣ "ባርሲሳ፣ ልጠጣው ታዲያ?" አለችው፤ መምህር ማለቷ ነው።

"ያለ ምንም ስጋት!"

ሶያማ ክሎሪኑን ተሸክሞ ተመለሰ። አባ፣ "ልጄ፣ ጸበሉን ለኔ ተውና አንተ ባዮሎጂህን አስተምር" ቢሉት ይገዙ ፈገግ አለ። ማታ እራት ላይ፣ "አባ ጥሩ አባት ናቸው፣ ግን ዘመናዊ ትምህርት ይጎድላቸዋል" አለን። የቀረበልኝን ሽሮ ፊቱ ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ።

በሳምንቱ ገና ሲነጋጋ የጥሩዬን ድምፅ ሰማሁ። ልጅ ስጠኝ ብላ ሱባዔ የያዘችው እህቴ ወለሉ ላይ ተዘርራለች፤ ከላይም ከታችም የሚወጣት የሩዝ ውሃ የመሰለ ነገር ነው። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ የጣቶቿ ቆዳ ልብስ ስታጥብ እንደዋለች ሴት ተጨማዷል። ባሏ አጠገቧ ተንበርክኮ ከጀሪካን ይቀዳል።

"እትዬ የሺ፣ አይደንግጡ፤ እየወጣላት ነው።"

"ምኑ ነው የሚወጣላት?"

"መርዙ ነዋ። አሁን ካቋረጥነው ተመልሶ ሰውነቷ ውስጥ ይቀራል።" ይህንን ሲል ጣሳውን አፏ ላይ ያደርጋል።

ጣሳውን በጥፊ መታሁት። "አንተ ሰውዬ፣ ባዮሎጂ የተማርከው የት ነው? ነፍሷ እየወጣ ነው እኮ!"

"ስሜታዊ አይሁኑ" አለኝ። ይችን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም፤ አልምረውምም።

በባዶ እግሬ ኦቦ ገርባ ቤት ሮጥኩ። ገርባ አንድ ቃል ሳይጠይቀኝ ፈረሱን ጋሪው ላይ ጠመደ። ደጊቱ ጋቢዋን ተከናንባ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"አንቺስ ደህና ነሽ?" አላት ባሏ።

"ሌሊቱን ሆዴን አጣድፎኝ ነበር። እኔ ግን እየወጣልኝ ነው፤ እሷን ቶሎ አድርስ" አለች። ዲቶክሷ ነው። ባሏም አመናት፤ ከተማረ ሰው የሰማችውን ነበር የምትናገረው።

ጥሩዬን ጭነን ወጣን። ዋናው መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ጎማ ይጨሳል። ወጣቶቹ ከበቡን። ገርባ ልጓሙን ይዞ፣ "ዱኩብሳቱ ቀብና!" ብሎ ጮኸ፤ በሽተኛ ይዘናል ማለቱ ነው። ማን ናት፣ ከየት መጣች ብሎ የጠየቀን የለም። ድንጋዩን አነሱልንና ጋሪውን ከኋላ ገፉልን። ይገዙ እያለከለከ ይከተለናል፤ ዞር ብዬ ባይ ጀሪካኑን ይዞታል። በዚያን ሰዓት እንኳ!

የአተት ድንኳን ደረስን። ሶያማ ሁለቱም ክንዶቿ ላይ ግሉኮስ ሰካላት። ይገዙ ስለ ጸበሉ የማንጻት ባሕርይ ሊያስረዳው ጀመረ። ሶያማ ቀና ሳይል፣ "መምህር፣ ጀሪካኑን ውጭ ተወው" አለው። ወደ ቀትር ላይ ጥሩዬ ዓይኗን ገለጠች። ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ።

ገርባ ቀድሞን ተመልሶ ነበር። ሲመለስ ግን መንገዱን የዘጉት ወታደሮች ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ ጋሪ አያሳልፉም። በጫካው ዞሮ ቤቱ ሲደርስ አመሻሽቷል። ደጊቱ የቀረው በደንብ ይውጣልኝ ብላ ቤት ያለውን ጸበል ጠጥታ ጨርሳው ነበር። ነፍሷ ከወጣ ቆይቷል።

ከቀብሩ በኋላ አባ መልከጼዴቅ ማንንም ሳያማክሩ ሶያማን አስጠርተው ክሎሪኑን አስጨመሩ። ሰዉም ጠጣ። ማዕድኑ ተበላሸ ብሎ ያለቀሰ አላየሁም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ይገዙ አዳራሹን እንደገና ሞላው። ሰውዬው ያፍራል ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አታውቁትም። ርዕሱ "ክሎሪን በመጽሐፍ ቅዱስ" ነው። ነቢዩ ኤልሳዕ በኢያሪኮ ክፉውን ውሃ የፈወሰው ምን ጨምሮበት ነው? ጨው! ጨው ምንድን ነው? ሶዲየም ክሎራይድ! "ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሳይንስ ዛሬ የደረሰበትን እምነታችን ቀድሞ ያውቀው ነበር!" አለና እጆቹን ዘረጋ። ያጨበጨቡም አሉ። ኦቦ ገርባ ጥቁር ለብሶ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ከኋላ ወንበር ላይ መሬት መሬት ያያል።

ይገዙ ሁልጊዜ ሲጨርስ "ጥያቄ ያለው?" ይላል፤ ጠያቂ ኖሮት አያውቅም። ያን ቀን ግን አጠገቤ የተቀመጠችው ጥሩዬ እጇን አነሳች። ገና ከስታ ነበር፤ ስትነሳ ክንዴን ይዛ ነው።

"መምህር" አለችው። ባሏን እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም። "የከተማው ሰዎች ውሃው ክፉ ነው ሲሉት፣ ኤልሳዕ የለም ጤነኛ ነው ብሎ ጠጥቶ አሳያቸው?"

ኦቦ ገርባ ቀና ብሎ ይገዙን አየው።

ይገዙ መነጽሩን አደረገ፤ መጽሐፈ ነገሥትን ገለጠና ይፈልግ ጀመር።