በዋንዛ ክራር ላይ የተለጠፈ ስም

ወረታ ላይ ክራር እሠራ ነበር። ዋንዛ እየፈለፈልሁ ነው ልጆቼን ያሳደግሁ። ከደንበኞቼ ዋናው በየሠርጉ የሚጫወት አንድ ጎልማሳ ነበር። ያዘዘውን አዲስ ክራር ሊወስድ መጥቶ ከኪሱ የሚያብረቀርቅ ወረቀት አወጣ። የተጻፈበት የታወቀ የውጭ ጊታር ፋብሪካ ስም ነው አሉ።

«ጋሼ፣ ይችን ግንባሩ ላይ ይለጥፉልኝ።»

«ጊታር ነው እንዴ የሠራሁልህ?»

«ቪዲዮ ላይ ታበራለች። ሠርገኛው ማርካ ካላየ አይጠራኝም።»

«የሠራሁት እኔ ነኝ። አልለጥፍም።»

ሚስቴ ከጓዳ ሰምታ፣ «ለጥፍለት እንጂ! ወረቀት ምን ያደርግሃል?» አለች።

እውነቷን ነው፤ ቤታችን የሚተዳደረው በዚህ ደንበኛ ነበር። ግን እኔ ፊደል የቆጠርሁት ከልጆቼ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሌላ ሰው በጻፈው ላይ፣ ምን እንደሚል ሳላውቅ፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ስፈርም ኖሬአለሁ። ስሜን መጻፍ ከቻልሁ ወዲያ የእጄን ሥራ በሌላ ስም አልሰጥም። ትዕቢት ነው የሚል ይበል።

ክራሩን ወስዶ ራሱ ለጠፈበት። እዚሁ አቅራቢያችን ቁሐር ሚካኤል ሠርግ ተጠርቼ አየሁት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ፣ «የውጭ ዕቃ እኮ ድምፁ ሌላ ነው!» አለኝ።

«የወረታ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ጠላው እስኪፈስ ሳቀብኝ። ተጫዋቹን አየሁት። ሰምቷል፤ አቀርቅሮ መምታቱን ቀጠለ።

ክረምቱ ፎገራን አጥለቀለቀ። ጥቅምት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ የክራሩ ገበቴ፣ ሆዱ ማለት ነው፣ ተሰነጠቀ። እንጨት ነው፣ ይሰነጠቃል። ተጫዋቹ እየጮኸ ደጄ መጣ።

«ምን ዓይነት ሥራ ነው ጋሼ! ነገ ሠርግ አለብኝ፣ ይጠግኑልኝ።»

«ስሙ የተጻፈበት ዘንድ ውሰደዋ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«ይሄ እኮ የእርስዎ እጅ ነው!»

«እሱን በማይክ ተናገረው። ሲያምር የፈረንጅ፣ ሲሰነጠቅ የእኔ? ወረቀቱን አሁን ላጠው፤ ነገ ሠርጉ ላይ ማን እንደሠራው ተናገር። በነፃ እጠግንልሃለሁ።»

በጥፍሩ ጀመረው። ጫፉ ተነሣ። ከዚያ እጁን ገታና በአውራ ጣቱ መልሶ ደፈጠጠው።

«ሰው ይስቅብኛል» አለ።

«በእኔም ተስቋል።»

ክራሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ። አልተመለሰም፤ ክራር የሚያሠሩኝን ጓደኞቹንም ይዞብኝ ቀረ።

አሁን የምሠራው አልጋና በር ነው። ሚስቴ እንዳኮረፈች ናት። እስካሁን አልጋ ላይ የፈረንጅ ስም ለጥፍ ያለኝ የለም። ካለም በመጣበት እግሩ ይመለሳል።