ከምርጫው በፊት የገባው ጥላ

ያን ምርጫ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ ሰው አለ፤ ሴትዮዋ ጃጅታለች ይላል። ድምፅ አልሰጠሁም። ማንንም ምረጡ፣ ማንንም አትምረጡ አላልኩም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር አንድ የታቦት ጥላ ማስገባት ብቻ ነው። ባለቤቴ ግን አገር ጥሎ እስከሄደበት ቀን ድረስ እኔ እንዳበላሸሁት ያምን ነበር። አንድም ቀን ከአፉ አላወጣውም። ቢያወጣው ኖሮ ተጣልተን ይወጣልን ነበር።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ዓመታት ያለፉበት፣ ሰውም ለምክር ቤት እንደራሴ ምረጥ መባልን ገና እየለመደ የነበረበት ነው። ባለቤቴ ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ በስፌት ማኪና ልብስ ይሰፋ ነበር። እሱ የጭልጋ ሰው ነው። እኔ የወገራ ልጅ ነኝ፤ ደብራችን ከዳባት ግማሽ ቀን በእግር ያስኬዳል። ያገናኘን የአገሬ ልጅ የሆነው ሚዜው ነው። ሁለቱ ገና ከየገጠራቸው ወደ ከተማ እንደመጡ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ጋቢ ተጋርተው የኖሩ ናቸው። ሚዜው በኋላ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነ። በሰርጌ ጊዜ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ወንድም ልሆንሽ ብሎ ምሎልኛል። እናቴም ልጄ እንጂ ሌላ ነገር ብላ ጠርታው አታውቅም።

የጥላው ነገር ከምርጫው በፊት የተጀመረ ነው። ሁለት ልጆች ቀብሬ ሦስተኛዋን ሳረግዝ ለእናቴ ደብር ለሚካኤል ተሳልኩ። ይችን በሕይወት ካሳየኸኝ፣ በእግሯ ስትሄድ ጥላ አስገባለሁ አልኩት። ልጅቱ ተወለደች፤ ቆማ ሄደች። በመጀመሪያው ዓመት ለጥላው የሚሆን ከፈይ ጎንደር ውስጥ ጠፋና ለከርሞ ይሁን አልን። በዚያው ወር ልጅቱን ኩፍኝ ያዛት። ሦስት ቀን ዓይኗን ሳትገልጥ ሰነበተች። ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጥፌ እንዴት እንደለመንኩት የምናውቀው እኔና ሚካኤል ነን። በሚመጣው ሰኔ ዐሥራ ሁለት፣ ሰማይ ቢገለበጥ አስገባለሁ ብዬ ማልኩለት፤ ልጄም ተነሣች።

በሚመጣው ሰኔ ምርጫ መጣ።

ለወገራ ከተወዳደሩት ውስጥ ሰው ስማቸውን የሚያነሣው ሁለቱን ብቻ ነበር። አንዱ ሚዜያችን ነው። ሌላው የአገሩ ባላባት ልጅ ነው፤ አባቱ ቢቀመጥ የሚነጠፍለት፣ ቢነሣ የሚቆምለት። ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይቸገር ለየተወዳዳሪው የሥዕል ምልክት ተሰጠ። ለሚዜያችን ፋኖስ ደረሰው። ለባላባቱ ልጅ ጥላ።

ባለቤቴ ፋኖስ ሲል ውሎ ፋኖስ ሲል ያድር ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት ማኪና ተሳፍሮ ዳባት ገበያ ይወጣል፤ ሥዕሉን ይዞ ለገበሬው ሲያስረዳ ይውላል። በረንዳው ላይ፣ ከስፌት ማኪናው በላይ፣ እውነተኛ ፋኖስ ሰቀለ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሳይበራ። አላፊ አግዳሚው ይስቅበታል፤ እሱ ይኮራል። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወንድሜ የምለው ሰው አዲስ አበባ ሊቀመጥ ነው ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ አሰልችቻለሁ።

ከፈዩ ግንቦት ላይ ከአስመራ በመጣ ማኪና ተገኘ። ባለቤቴ ለካው፣ ቆረጠው። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለምሳ የያዝኩለትን እንኳ ሳይነካ፣ እግሩን ከመርገጫው አነሣና ወደ እኔ ዞረ።

«ለኅዳር ሚካኤል ብናደርገውስ?» አለኝ።

«ምነው?»

«ምርጫው ከሰኔ ሚካኤል በሳምንቱ ነው። አንቺ አዲስ ጥላ አስይዘሽ፣ በዕልልታ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ ልትገቢ ነው። የነሱ ምልክት ምን እንደሆነ ጠፋሽ?»

«ሚካኤል የምርጫ ጣጣ ምን አገባው?»

«ሚካኤልማ ይገባዋል። ገበሬው ነው የሚሳሳተው። አምስት ወር ብቻ ነው የምልሽ።»

አምስት ወር። እኔ ያየሁት የልጄን የተጨፈነ ዓይን ነበር። ሰው መኖሩን ረስቼ በበረንዳው ላይ ጮኽኩበት። ልጄን በፋኖስህ አትለውጥብኝ አልኩት። ያን ቃል ብመልሰው ደስ ባለኝ።

ልጅቱ ከስፌት ማኪናው ሥር ተቀምጣ የከፈይ ቁርጥራጭ ትለቅማለች። ዝቅ ብሎ አያት፤ ብዙ አያት። ከዚያ እግሩን መርገጫው ላይ መልሶ መስፋቱን ቀጠለ። እሱም እንደኔ ፈርቶ ነበር፤ ወንድ ስለሆነ አልተናገረውም። በዕድሜው እንደዚያ ያለ ነገር ሰፍቶ አያውቅም። ዙሪያውን በወርቀዘቦ ከበበው፤ ዘርፉን አንድ በአንድ በእጁ ተከለው። ቢያበላሸው ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ለበዓሉ አንቺ ሂጂ ብሎ ቀረ። ልጄን አዝዬ፣ ጥላውን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ዳባት ድረስ በማኪና፣ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። እናቴ ከመንገድ ተቀበለችኝ። ገበዙ ጥላውን ተረክበው፣ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ ብለው መረቁኝ። ታቦቱ ሲወጣ ያ ጥላ ከላዩ ተከፈተ። ሕዝቡ በዕልልታ ቀለጠ። እኔም ከዕዳዬ የወጣሁ መስሎኝ መሬት ተደፍቼ አለቀስኩ።

ቀና ስል የባላባቱ ልጅ ከመኳንንቱ መሐል ወጥቶ ልጄን አቅፏታል። ግንባሯን ሳማት። ከዚያ ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሸጋ ነው! የፋኖሱ ወገን ሚስት እንኳ ለሚካኤል ጥላ አመጣች!» አለ።

ከዚያ ወዲያ ቅስቀሳ አላስፈለገውም።

የምርጫውን ቀን ያወራችልኝ እናቴ ናት። ሰው ወደ ሣጥኑ ሲቀርብ ቤተ ክርስቲያኑን እያየ ያማትባል አሉ። በታቦቱ ጥላ ላይ እጄን አላነሣም ይላል። ሚዜያችንን ያሳደጉት አክስቱ እንኳ፣ እያለቀሱ፣ ጥላውን መረጡ። እናቴን አንቺስ ብላት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ምን ላርግ ልጄ? ያንቺን ጥላ ጥዬ ፋኖስ ላንሣ?» አለችኝ።

ፋኖሱ ወደቀ። አወዳደቁም ክፉ ነበር፤ በደብራችን ያሉት የፋኖስ ሰዎች ተሞኘን ብለው ከሌላው ተለዩ። የሰንበት ጠላ አብሮ ይጠጣ የነበረ ሰው ግማሹ ከደብሩ ዋርካ ወዲህ፣ ግማሹ ከዋርካው ወዲያ ይቀመጥ ጀመር። እናቴ የትኛው ጋ እንደምትቀመጥ ስለጨነቃት ከቤቷ መውጣት ተወች።

ጎንደር ደግሞ ሌላው መጣ። ሚዜያችን አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቆመ። አልተቀመጠም።

«ያን ጥላ ማን ሰፋው?» አለ።

«እኔ» አለ ባለቤቴ።

«ሸጋ አድርገህ ሰፍተኸዋል» አለና ሄደ። ባለቤቴ ተከትሎት ተነሣ፤ ስሙን ጠራው፤ ሰውየው ዞሮ አላየም። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሲያገኘን ወደ ማዶ ይሻገራል። የፋኖስ ወዳጆች ልብሳቸውን ሌላ ዘንድ ያሰፉ ጀመር፤ ከሃዲ ብለው። የጥላ ወዳጆችም አልመጡም፤ ያን ፋኖስ ሰቅሎ ሲያፌዝብን የነበረ ብለው። የቤታችን አከራይ የባላባቱ ዘመድ ነበርና እስከ ገና ቤቴን ልቀቁልኝ አለ። ሁለቱም ወገን ፊት ነሣን። አንዱ እንኳ ቢይዘን ምን ነበር?

ባለቤቴ ፋኖሱን ከሰቀለበት አወረደው። በዚያው ሳምንት ገዳሪፍ የሚባል ስም ቤታችን ገባ።

የአጎቱ ልጅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ልብስ ይሰፋ ነበር። እዚያ የጥላም የፋኖስም ሰው የለም፤ ሰው የሚጠይቅህ ሱሪው መቼ ይደርሳል ብሎ ብቻ ነው ይላል ባለቤቴ። የመተማ መንገድ በክረምት ጭቃ ስለሆነ ማኪና የሚሄደው ከኅዳር በኋላ ነው። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ስንሄድ ከረምን፤ ከተቀመጥንበት ሳንነሣ። ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን ገዛ። ከመተማ ነጋዴዎች ዐረብኛ ይለቃቅምና ለልጅቱ ያስተምራታል። ዳቦ ስትፈልግ «ዔሽ» ትለኝ ጀመር። እሱ ይስቃል። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ።

ትሄጃለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም እሄዳለሁ፣ አልሄድም አላልኩም። እሱ ቢጠይቀኝ መልሴን አላውቀውም ነበር። እናቴ ከእኔ በቀር ልጅ የላትም። ልጄ ደግሞ አባቷ ከቤት ሲወጣ በር ላይ ተቀምጣ እስኪመለስ የምትጠብቅ ናት። የነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው። ሚስት ባሏን ትከተላለች አሉኝ። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ደግሞ፣ እናትሽንስ ማን ይቀብራታል አሉኝ። መልስ ፍለጋ ሄጄ ጥያቄ ጨምሬ ተመለስኩ።

ለእናቴ ልነግራት መስከረም ላይ ወጣሁ። ትቆጣለች፣ ትገዝተኛለች ብዬ ነበር። ብትገዝተኝ ተመስገን እል ነበር፤ ነገሩ ከእኔ ይወርድልኝ ነበር። እሷ ግን የልጄን ፀጉር እየዳበሰች፣

«ሂጂ፤ ምን ብዬ እይዝሻለሁ?» አለች። «ብቻ ይች ልጅ የሚካኤል ናት። ከደጁ ስታርቂያት ነግረሽው ሂጂ።»

አልነገርኩትም። ምን ብዬ እነግረዋለሁ?

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ደረቀ፣ ማኪና ተገኘ። ባለቤቴ የስፌት ማኪናውን ከብረት እግሩ ነቅሎ በብርድ ልብስ ጠቀለለው። ሣጥኑ ውስጥ የእኔና የልጄ ልብስ ገባ፤ እኔው ነኝ ያጣጠፍኩት። በመሄጃችን ቀን ማለዳ ልጅቱን ልቀሰቅሳት ብነካት ታቃጥላለች። ዓይኗን ጨፍናለች።

ባለቤቴ ግንባሯን ነካ። «ጉንፋን ነው» አለ። «የልጅ ትኩሳት ነው። መንገድ ላይ ይለቃታል።»

«ሚካኤል ነው» አልኩት።

«እባክሽ።»

«አልነገርኩትም እኮ። ሳልነግረው ነው የተነሣሁት።»

ማኪናው ከውጭ ጥሩምባውን ነፋ። ሌላ ተሳፋሪ አለ፣ ጭነት አለ፤ ለእኛ አይቆምም። ባለቤቴ መሐል ቤት ቆሞ አንድ ጊዜ ልጅቱን፣ አንድ ጊዜ በሩን አየ። «ቅሪ» ቢለኝ ምናለ! እኔም «ቅር» አላልኩትም። እሱም ነይ አላለኝም። ሣጥኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ሲሻላት በሚቀጥለው ማኪና ተከተሉኝ» አለ። ልጅቱን እግሯን ሳማት። የስፌት ማኪናውን በትከሻው ተሸክሞ ወጣ።

ማኪናው ጭልጋ ሳይደርስ ትኩሳቷ ወረደ። ቀትር ላይ ተነሥታ ተቀመጠችና «ዔሽ» አለችኝ። ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት። በራሴም፣ በእሱም፣ ይቅር ይበለኝና በሚካኤልም ተናደድኩ።

ሌላ ክፍል ተከራይቼ ጠበቅኩ። የሚቀጥለው ማኪና ሲመጣ እናቴ ታማ ነበር። በሚቀጥለው ክረምቱ ገባ። ከገዳሪፍ ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ሁለቱም ልጅቱ እንዴት ናት ይላሉ። ሦስተኛው ቀረ። ከመተማ የሚመጡ ነጋዴዎችን ስጠይቅ አንዱ ካርቱም ገብቷል አለኝ፤ ሌላው እንደዚያ ያለ ሰው አላየሁም አለኝ።

እናቴ የሞተችው ከዚያ በሦስተኛው ዓመት ነው። ቀብሯ ላይ ያን ጥላ አወጡላት። ከዋርካው ወዲህና ወዲያ የሚቀመጡት ሁሉ ለቀብሯ አንድ ላይ ቆሙ። ከከፈዩ በቀር ቀለሙ የደበዘዘ ነገር አልነበረውም፤ ዘርፉ አንድም አልረገፈም። እናቴን ማልቀስ ትቼ የባለቤቴን ስፌት ማየት ያዝኩ። አፌ ቀደመኝ፤ ሚካኤልን፣ እሱን መልስልኝና ሌላ ጥላ አስገባለሁ አልኩት።

ጎንደር እንደተመለስኩ አረንጓዴ ከፈይ ገዛሁ። ስለት ማዘግየት ምን እንደሚያመጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እሱ እስኪመጣ ሳልጠብቅ አሰፍቼ ላዘጋጀው ብዬ ነው። ፒያሳ በረንዳ ለበረንዳ ዞርኩ። ሱሪ የሚሰፋ ሞልቷል፣ ኮት የሚሰፋ ሞልቷል። የመጨረሻው ሰፊ ከፈዩን በጣቱ ዳሰሰ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ የታቦት ጥላ የሚሰፋ አንድ ሰው ነበር፣ እዚያ ማዶ በረንዳ ላይ» አለኝ፣ ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ። «የት እንደገባ እንጃ። እሱን ፈልገው ያሰፉ።»

እሺ አልኩት። ከፈዩን አጣጥፌ ወደ ቤቴ ሄድኩና ከቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ፣ ለሱዳን ካጣጠፍኩት ልብስ ላይ አስቀመጥኩት።