ምች የመታው አማች

ፊቴ ቀልቶ መላጥ የጀመረው የእጮኛዬ እናት «ቅዳሜ ይምጣና እስቲ ልየው» ባሉበት ሳምንት ነው። እሳቸው ሳይወዱኝ ሽማግሌ ብልክ ዋጋ የለውም፤ እኔ ደግሞ ልጅቷን ከልቤ ነው የምወዳት። ጉንጬ በርበሬ መስሏል። ስስቅ ስለሚሰነጠቅ መሳቅ አቁሜያለሁ።

አከራዬ ገና ሲያዩኝ «ውይ፣ ምች መቶህ!» አሉና ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፈው፣ በመዳፋቸው አሽተው ቀቡኝ። ተቃጠልኩ።

«ሲያቃጥል ነው የሚያድነው» አሉ።

በማግስቱ ሎሚ ጨመሩበት፤ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት። እጮኛዬ አሽትታኝ «ለሰላጣ የቀረህ ዘይት ብቻ ነው» አለችና እየጎተተች ቤቴል ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ «ፊትህን በምንድነው የምትታጠበው?» አለችኝ።

«በልብስ ሳሙናና በሚፋጅ ውሃ።»

«ለምን?»

«እንዲጠራ ነዋ!»

«ፊት እኮ ጆንያ አይደለም!» አለች። ቆዳ የራሱ ወዝ አለው፤ ሙቅ ውሃና ኃይለኛ ሳሙና ወዙን ያጥቡታል፣ የበጋው ደረቅ ንፋስ ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። የተቆጣ ቆዳ ላይ ሎሚና ሽንኩርት መጨመር ማባባስ ነው። ለብ ባለ ውሃ ታጥቤ፣ ፊቴ እርጥብ እንዳለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን እንድቀባ ነገረችኝ። «ቅጠል የሚባል ነገር ደግሞ እንዳይነካህ!» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ቅዳሜ አየር ጤና ከእጮኛዬ ወላጆች ቤት ስደርስ ቅላቱ ቀንሶልኛል። ቫዝሊኑን ግን ሳላበዛው አልቀረሁም፤ ዝንብ ቢያርፍብኝ ይንሸራተት ነበር። እናትየው ቀልድ ቢያመጡ አልሳቅኩም፤ ሌላም ቢጨምሩ ያው። ፊታቸው እየጠቆረ ሲሄድ አለቀልኝ አልኩ።

«እንግዳው፣ ምነው? ቤታችን አልተመቸህም?» አሉ።

«ኧረ እንደሱ አይደለም! ስስቅ ፊቴ ይሰነጠቅብኛል፤ ለዚያ ነው።»

ቀረብ ብለው አገላብጠው አዩኝ። «ይሄማ ምች ነው!» ብለው ብድግ አሉና ወደ ጓሮ ወጡ።

እጮኛዬ በዓይኗ «በሩ ያውልህ» አለችኝ። የሐኪሟ ማስጠንቀቂያ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ሴትዮዋ ግን ቅጠሉን እያሹ ተመለሱና፣ ቅድም «እንግዳው» ያሉኝ ሰው «ና ልጄ፣ ጠጋ በል» አሉኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ጠጋ አልኩ።

አቤት ሲያቃጥል! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «አይዞህ፣ ሲያቃጥል ነው የሚያድነው» ሲሉኝ መቆጣጠር አቃተኝና ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም አብረውኝ ሳቁ።

ሰኞ ሐኪሟ ፊቴን አይታ ራሷን ያዘች። «ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«አማቴ ናቸው» አልኳት፤ ጉንጬ እስኪሰነጠቅ እየሳቅኩ።