ጥይት ተከትሎ የሚሮጥ ወጥ ሠሪ

ሥራ የገባሁ ዕለት የካምፑ ማናጀር አቶ ስለሺ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሩጫ ትችላለህ?» አለኝ። እኔ ጂንካ ሆቴል ቤት አምስት ዓመት ወጥ የሠራሁ ሰው፣ ቁሌት ይፈትነኛል ብዬ ስጠብቅ! የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን አንድ የተሳለ ካራ አውጥቶ ሰጠኝ።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ካምፑ ፈቃድ ያላቸው ፈረንጅ አዳኞች የሚያርፉበት ነው፣ ከኦሞ ወዲህ ቆላው ላይ። አዳኙ ቀንዱንና ቆዳውን ይወስዳል፤ ሥጋው ለሠራተኛው ነው። ታዲያ አውሬው ሳይባረክ በጥይት ከሞተ በክት ነው፣ አብዛኞቻችን አንበላውም። ስለዚህ ጥይቱ እንደጮኸ አንድ ክርስቲያን የአውሬው ነፍስ ሳትወጣ ደርሶ፣ «በስመ አብ» ብሎ ማረድ አለበት። ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ያስተማረኝ ቆዳ ገፋፊው ጋሽ ተሰማ ነው። «በቀንዱ በኩል እንዳትመጣ፣ ከጀርባው ቅረብ። ካራህ ሲያርፍ ደሙ ከተንፎለፎለ ደርሰሃል። ከተንጠባጠበ አልደረስክም» አለኝ። ሥጋው ሲቀርብ ሁልጊዜ «ደርሰሃል?» ይለኛል። «ደርሻለሁ» ስለው እሱ ይጎርሳል፣ ሌላው ይከተላል። እሱ ካልጎረሰ ማንም እጁን አይዘረጋም።

የቀረውን ሙያ የተማርኩት ዱካ ከሚያነብልን ከሐመሩ ልጅ ከአይኬ ነው። የትኛው የጫካ ቅጠል ተቀቅሎ ውኃው እንደሚደፋ፣ ቀረሶ ዓሣ ሮቃ በሚሉት ኮምጣጣ ፍሬ ጭማቂ እንዴት እንደሚጣፍጥ አሳየኝ። አንድ ጊዜ ክንዱን የሚያክል አምባዛ አምጥቶ ጋሽ ተሰማ «ቅርፊት የለውም፣ አልበላም» ሲለው በሳቅ ሞተ። «የእናንተ ሆድ ሕግ በዛበት» አለ።

አንድ ክረምት ስንቅ የምታመጣልንን መኪና ጎርፍ ወንዝ ማዶ ያዛት። ዱቄቱ አለቀ። ወንዙ ደፍርሶ ዓሣም ጠፋ። አራት ቀን በበቆሎ ንፍሮ ሰነበትን፤ ሠራተኛው እርስ በርሱ መናከስ ጀመረ። በአምስተኛው ቀን ፈረንጁ ከሸለቆው ማዶ አንድ አጋዘን መታ።

ሮጥኩ። ሸለቆው ውስጥ ውኃው ጭኔ ድረስ ነበር። አዳልጦኝ ወደቅሁ፣ ካራው ከእጄ አመለጠ። ጭቃ ውስጥ ስዳብስ፣ ስዳብስ... እመ ብርሃን! አገኘሁትና ወጣሁ። አጋዘኑ ዓይኑ ፈጥጧል። «በስመ አብ» ብዬ አረድኩት። ደሙ ተንጠባጠበ።

ከኋላዬ የደረሰው አይኬ ብቻ ነው። ቁልቁል አየና «ቀድሞሃል» አለኝ።

«ዝም በል» አልኩት።

ካምፑ ስንደርስ ሰው ሁሉ እየጨፈረ ተቀበለን። አቶ ስለሺ ግን ፊቴን አይቶ ወደ ጎን ሳበኝ። «ስማ፣ ግማሹ ሠራተኛ ዕቃውን ሸክፏል። ዛሬ ሥጋ ካልበላ ነገ ካምፕ የለም፣ አንተም ሥራ የለህም። ደርሰሃል፣ አለቀ!» አለኝ። የማሳድጋቸው ሦስት ልጆች አሉኝ። እሺ አልኩ።

ጠበስኩት። ትሪውን አቀረብኩ።

«ደርሰሃል?» አለ ጋሽ ተሰማ።

«ደርሻለሁ» አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አማተበ። ከትሪው አንዷን አነሳ። በሕይወቱ በክት ቀምሶ የማያውቅ ሽማግሌ፣ በእኔ ቃል ሊጎርስ ነው! ሥጋዋ ጢሙ ጋ ስትደርስ አላስቻለኝም።

«ጋሽ ተሰማ፣ ተው! አልደረስኩም!»

የፈረንጁ መኪና ሾፌር ተነሥቶ አንገቴን አነቀኝ። «መጀመሪያውኑ አትናገርም ነበር? አንተ ከሀዲ!» ይላል። አቶ ስለሺ «ሻንጣህን አዘጋጅ» አለኝ። ጋሽ ተሰማ ሥጋዋን ትሪው ላይ መልሶ እጁን በአሸዋ ጠረገ። «ልቀቀው» አለ ሾፌሩን፤ እኔን ግን ዞር ብሎ አላየኝም።

የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂው፣ የአሪ ተወላጁ ጴንጤ፣ «እኔ በጥይት የሞተውን በክት አልለውም» ብሎ ጸለየና ከአይኬ ጋር በላ። እኛ እየተቁለጨለጭን ቅጠል ቀቀልን። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለኝም።

በማግስቱ መኪናዋ ደረሰች። ሌላ የሚሮጥ ስላልተገኘ ይሁን አዝኖልኝ፣ አቶ ስለሺ የሻንጣውን ነገር ደግሞ አላነሳውም።

ከሳምንት በኋላ ፈረንጁ ቆርኬ ጣለ። ደረስኩ፤ ደሙ ደረቴ ድረስ ተፈናጠረ። ጠብሼ አቀረብኩና ጥያቄውን ጠበቅሁ። ጋሽ ተሰማ አማተበና ጎረሰ።

«ዛሬ አትጠይቀኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ?» አለና ሁለተኛውን ጎረሰ። ካምፑ እስኪዘጋ ድረስ ዳግመኛ ጠይቆኝ አያውቅም።

እናንተ አሁን ጂንካ ሎጅ ቤት ሽርጥ የምታስሩ ልጆች፣ ፍሪጅ አላችሁ፣ አትሮጡም። ቢሆንም ወጥ ሠሪ ያየውን በላተኛ አያይም። ያያችሁትን ከመጉረሱ በፊት ንገሩት፤ የሚርበውም ይራብ።