በብራና የተጠገነው ስፒከር

ጻፍ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ? እንዳልኩህ ጻፍ፣ አታሳምርልኝ። ቤቱ እስካሁን ይሸታል በል። ቀንድ እሳት ውስጥ ሲገባ እንደሚሸተው ያለ፣ አፍንጫ ገብቶ አልወጣም የሚል ሽታ፤ መስኮቱን ብከፍት፣ ጋቢዬን በረንዳ ላይ ባራግፍ አልለቅ አለኝ። ይኸን ሽታ ያመጣው የልጅ ልጄ ናቲ ነው፤ አሁን ይኸን የሚጽፍልኝም እሱው ነው። ስምህን አትዝለል፣ ጻፈው! የአባቴን የእንጨት ስፒከር፣ ስንት ዘመን ግድግዳ ተደግፎ ቀስ እያለ ሲዘፍን የኖረውን፣ ትናንት ከዚያ ከአዲሱ ማጉያው ጋር አገናኝቶ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ፣ አቃጠለው። ስጠይቀው ደግሞ «እማማ፣ እኔ ምንም አላደረኩም፣ ራሱ ነው» ይለኛል። ራሱ! እግር አውጥቶ ሄዶ ሶኬቱ ላይ ተሰካ?

ይኸን «ራሱ ነው» የሚሉትን ነገር ግን እኔም አውቀዋለሁ። ልንገርህ።

ያን ጊዜ ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነበርኩ፣ ቤታችንም እዚሁ ማርቆስ ነበር። አባባ እህል ይነግዱ ነበርና አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ሸክላ ማጫወቻ ከሁለት የእንጨት ስፒከር ጋር ይዘው መጡ። የአባይን በረሃ በጭነት መኪና ሲያቋርጡ ሁለቱን ሣጥኖች እንደ መንታ ልጅ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነበር አሉ፤ ደጀን ወጥተው ሲያርፉ እግራቸው ደንዝዞ ሰው ነው ደግፎ ያወረዳቸው። እናቴ ለሁለቱም ነጭ ዳንቴል ሠርታ አለበሰቻቸው። ዘፈኑ ሲጀምር ዳንቴሉ ከፊታቸው ትር ትር ይል ነበር፤ እኔ በቃ ይተነፍሳሉ ብዬ ነበር የማስበው።

በበጋው አቧራ ገባበት መሰለኝ፣ የግራው ሣጥን ድምፁ ጎረነነ። አባባ ነገ አየዋለሁ እያሉ ይውላሉ፤ የታላቅ እህቴ የየሺ ሠርግ ደግሞ ደርሷል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሊጨፍር የተዘጋጀው በዚህ ማጫወቻ ነው። እኔ ምን አየሁ? አባባ የበቅሎዋ ጠፍር ሲደርቅባቸው ቅቤ ይቀቡታል፣ ይለሰልሳል። የሰውም ጉሮሮ ሲደርቅ ቅቤ ይዋጥለታል። እንግዲህ ሰው ሁሉ ገበያ ሄዶ ሳለ ዳንቴሉን ገልጬ፣ የፊቱን ጨርቅ ፈልቅቄ፣ ውስጥ ያለችውን ጥቁር ወረቀት ዙሪያዋን በጣቴ ቅቤ አጠጣኋት። ደህና አድርጌ ነው የቀባኋት፣ ሳልሰስት። ጨርቁን መልሼ፣ ዳንቴሉንም አስተካክዬ ወጣሁ።

ጠዋት ስንነሳ አይጥ ወረቀቷን እንደ ቆሎ ቆርጥማ አድራለች። አባባ ቢከፍቱት ሣጥኑ ከውስጡ ብስ እያለ ይንኮሻኮሻል እንጂ ቃል አይወጣውም። አባባ ሲቆጡ ያስፈራሉ፤ እናቴ ላይ ዞሩባት። «ዳንቴል አልብሰሽ አልብሰሽ የአይጥ ጎጆ አደረግሽው!» አሏት። እናቴ ሁለቱንም ዳንቴል አወለቀች፣ አጠፈች፣ የልብስ ሣጥኗ ውስጥ ከተተች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ አያለሁ። «ማን ነካው?» ሲሉ «ራሱ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ።

ጎረቤታችን መሪጌታ ላቀው ተጠሩ። የደብረ ወርቅ ሰው ናቸው፣ ብራና ፍቀው መጽሐፍ ይጽፋሉ፤ ደጀን ሳሉ ከአንድ ራዲዮ ጠጋኝ ቤት ተከራይተው ስለነበር እጁን እያዩ ብዙ ተምረዋል። እንዳሁኑ ጠጋኝ አይተው አይደለም የፈረዱ። መጀመሪያ የሁለቱን ሣጥን ሽቦ አቀያየሩት። ደህናው በዚያም በዚህም ይዘፍናል፣ የታመመው በሁለቱም በኩል ይንኮሻኮሻል። «ማጫወቻው ጤነኛ ነው፣ ሽቦውም ጤነኛ ነው» አሉ። ቀጥለው ስፒከሩን ከሣጥኑ ፈትተው፣ የእጅ ባትሪ ድንጋይ አስመጥተው፣ ሁለቱን የሽቦ ጫፍ ድንጋዩ ላይ ነካ ቢያደርጉ፣ ቷ! አለ። «ነፍሷ አለች። የተቀደደ ልብሷ ነው» አሉ። ከዚያ የተበላውን ወረቀት ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። አሸተቱ። እኔን አዩኝ።

«የዚህ ቤት አይጥ ባለጸጋ ናት» አሉ፣ «ቅቤ ቀብታ ነው የምትበላ።»

አባባ ሳቁ፣ ቀልድ መስሏቸው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መሪጌታ አላጋለጡኝም፣ አመድ አስመጡ።

ቅባቱን በአመድ አስመጥጠው፣ ከፍየል ብራናቸው በጣም ስስ የሆነውን ቆርጠው፣ የግራር ሙጫ በጥብጠው ቀዳዳው ላይ ለጠፉበት። «ነይ አንቺ» አሉኝ። «ሙጫው እስኪይዝ ጠርዙን ያዥልኝ፣ እንዳትነቃነቂ።» ከቁርስ እስከ ምሳ አውራ ጣቴን ጠርዙ ላይ እንደተከልኩ ተቀመጥኩ። እጄ ዛለ፣ ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ሄደብኝ፣ አላባረርኳትም። ቅጣቴ እንደሆነ አውቄያለሁ፣ እሳቸውም እንዳወቅሁ አውቀዋል።

ለየሺ ሠርግ ዘፈነ። ከበሮ ሲመታ ከዚያ ከተጠገነው ሣጥን የሚወጣው ድምፅ የቆዳ ድምፅ ነበር፣ ከእውነተኛ ከበሮ አትለየውም፤ ሰው ደህናውን ትቶ ወደ ታማሚው ተጠግቶ ይጨፍር ነበር። እናቴ ግን ዳንቴሉን መልሳ አላለበሰችውም። የሚቀጥለው ዓመትም አላለበሰችው። ከሣጥኗ ያገኘነው ስትሞት ነው፣ እንደታጠፈ።

ይኸውልህ፤ ዛሬ ጠዋት እኔም እንደ መሪጌታ አደረግሁ። ከእጅ ባትሪህ ድንጋይ አውጥተህ ስትሰጠኝ ያላገጥክብኝን አልረሳሁም። ደህናውን ነካሁ፣ ቷ አለ። ያንን ባለ ብራናውን፣ ያቃጠልከውን፣ ነካሁ፣ ዝም። ድንጋዩን ገለበጥኩ፣ ዝም። ወረቀቱን በአምስት ጣቴ ቀስ አድርጌ ብገፋው ውስጡ ኸርር ብሎ ይፋጫል። ብራናው ደህና ነው፤ የተቃጠለው ሽቦዋ ነው፤ ነፍሷ። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ያለው ጠጋኝ ጋ በትከሻህ ተሸክመህልኝ አብረን ብንሄድ፣ እሱ ሊፈታው እንኳ ስልኩን ከእጁ አላስቀመጠም። «እማማ፣ ይኼ ይጣል፣ አዲስ እንከትበታለን» አለኝ። መጣል ብቻ! ምን ነገር የሚያቆይ እጅ አላችሁ እናንተ?

ይከተት አልኩት፣ ሣጥኑ ባዶውን አይቀር። አሮጌውን ግን ቀምቼው መጣሁ፣ ይኸው ጭኔ ላይ ነው። የብራናው ጠርዝ ላይ፣ ሙጫው ውስጥ፣ አውራ ጣቴ ታትሟል። መስመሩ ሁሉ ይታያል። አሁን አውራ ጣቴን ብጭንበት፣ ያ ከጥፍሬ አይበልጥም።

መሪጌታ ዝም አሉልኝ፣ እኔም ደግ ነገር ዋሉልኝ ብዬ ኖርኩ። ግን ዝም ያሉት እኔው ራሴ እንድናገር ነበር መሰለኝ፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ሰው አለቀብኝ።

አንተ ግን ቅዳሜ አባትህ ከአማኑኤል ከተማ ሲመጣ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ይኸን ወረቀት ታነብለታለህ። ስምህ ካለበት ጀምረህ። ይቆጣል፣ ይቆጣ። የሚቆጣ አባት አለህ። የእኔ ድርሻ፣ የቅቤዋ፣ የሚነበብላት እናቴ ግን የለችም።